ስውሩን ስንጥቅ የሚናገር ፍትል

እንጨት ሊሰበር ሲል ይንቋቋል፤ ገመድም ሊበጠስ ሲል ይሳሳል። ዛሬ የምናወሳላችሁ ግን ምልክት ሳይሰጥ የሚጎዳ አካል እንዴት አንደበት እንዲኖረው እንደተደረገ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን።

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት፣ የብረትና የመዳብ ሽቦ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ እንደ ቀድሞው በቀላሉ እንደማያልፍበት በ1856 ዓ.ም. አስታወቁ። ከሰማንያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ ቀጭን ሽቦ በብረት ላይ ለጥፈው የብረቱን መለጠጥ በኤሌክትሪክ ለኩ።

ነገሩ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑ በ1954 ዓ.ም. ታየ። ኮሜት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ በኢጣልያ አጠገብ ባሕር ላይ ተበታትነው 56 ሰዎች ሞቱ። በፋርንቦሮ አንድ ሌላ ኮሜት በገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ሆዱ በውሃ ግፊት ደጋግሞ ቢፈተን ገላው ተቀደደ፤ ጠንቁም ማዕድኑ በግፊቱ መመላለስ መድከሙ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ብዙ የአይሮፕላን አካል ከካርቦን ቃጫ ይሠራል፤ ቃጫው በሙጫ ተነክሮና ተደራርቦ በሙቀት እንዲጠነክር ይደረጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ዓ.ም. መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ እንደዚህ ካለው ነው። አካሉ ቀላልና ብርቱ ቢሆንም ምስጢረኛ ነው፤ ላዩ እንዳማረ ውስጥ ለውስጥ ድርቡ ከድርቡ ይላቀቃል። ከላይ የተለጠፈ ሽቦ ይህን በደንብ አይሰማም፤ ወፍራም ሽቦ ቢቀብሩበትም ራሱ የድካም ምንጭ ይሆናል።

መላው ከዚያው ከካርቦን መጣ። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ዓ.ም. ናኖቲዩብ የሚባሉትን፣ በዓይን የማይታዩ የካርቦን ቱቦዎች፣ ገልጸው ጻፉ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቴክሳስና የአውስትራሊያ ሊቃውንት እንደ ደን ተጠጋግተው ከበቀሉ ቱቦዎች እየሳቡና እያከረሩ ክር ፈተሉ። (ጥጥ የሚፈትሉ እናቶቻችን በዚህ አይደነቁም፤ ክር የሚጠነክረው ሲከር መሆኑን ያውቁታልና።) በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካው የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጠጉር መሰል ፍትል በድርቡ ውስጥ ሰፍተው ሞከሩት። ድርቡ ሲላቀቅ ክሩ ይወጠራል ወይም ይበጠሳል፤ ኤሌክትሪኩ ማለፍ ሲከብደው መሣሪያው ያስታውቃል።

ነገር ግን የካርቦኑ ቃጫ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ፍትሉ ከርሱ እንዳይነካካ መሸፈን አለበት። ሙቀትም ክሩን ያናግረዋል፤ አይሮፕላን ደግሞ ከሞቃት ሜዳ ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ብርቱ ብርድ ይወጣል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከውጥረት የመጣውን ቃል ከሙቀት ከመጣው መለየት ይኖርበታል።