የልደታ የጥብቅና ቢሮዎች፦ የሥራ መስካቸውና የስማቸው ታሪክ

በአዲስ አበባ መካከለኛ መጠን ያለው የጥብቅና ቢሮ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ጠበቆች ከረዳቶቻቸው፣ ከጸሐፊያቸውና መዝገብ ከሚከታተለው ጉዳይ ፈጻሚ ጋር የሚሠሩበት ቢሮ፣ የሥራ መስኮቹን ሲዘረዝር ብዙ ጊዜ ውል፣ ውርስ፣ ቤተሰብ፣ ወንጀል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፣ ንግድ፣ ባንክ፣ ኢንቨስትመንትና አእምሯዊ ንብረት ይላል። ዝርዝሩ የቢሮው ባለቤት የመረጠው ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስክ በየትኛው ዘመን ከየትኛው አዋጅ ጋር እንደመጣ ሲመረመር፣ ነጋሪት ጋዜጣ በየጊዜው ይዞት የወጣው ሕግ ተራ በተራ የተደራረበበት ሆኖ ይገኛል። የቢሮው ስምና ዝና ግን በዚህ መንገድ አላደገም፤ ሕጉ ለረጅም ጊዜ በጥብቅና ሙያ የሚያውቀው ድርጅትን ሳይሆን ግለሰብን ብቻ ስለነበር፣ ዝናው ከአንድ ሰው ጋር ተጣብቆ ቆይቷል።

ልደታ ስሟን ያገኘችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ዛሬ ስሙ የክፍለ ከተማ መጠሪያም ነው። በአንድ ወቅት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ አካባቢ ስለነበር እስከ አሁን ድረስ ነዋሪው ከልደታ አጠገብ ያለውን ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት ይለዋል። ለባለጉዳይ ግን ልደታ ማለት ፍርድ ቤት ማለት ነው፤ የፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎቶች ስላሉበት፣ የጠበቆች ቢሮ፣ የአቤቱታ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ፣ የፎቶኮፒና የትርጉም ቤት በዙሪያው ተሰባስበዋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ቦታ፣ ዓለም በቃኝ የተባለው ወህኒ ቤት ነበር።

ጥብቅና የሕግ ፈቃድ ሳይኖረው በፊትም ሙግት ነበረ። በቀድሞው ሥርዓት ተከራካሪዎች በዳኛና በታዳሚ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» በሚባለው የሙግት ስልት ይፋጠጡ ነበር፤ ይህም በጥያቄና መልስ፣ በግጥምና በምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንዲሁም በውርርድ የሚካሄድ ነበር። ውርርድ ማለት ተከራካሪው ለቃሉ እውነትነት ማስያዣ የሚሆን ነገር መጥራቱ ነው። አንደበቱ የማይፈታለት ሰው ንግግር አዋቂ ሰው ስለ እርሱ እንዲናገርለት ያደርግ ስለነበር፣ የጠበቃ ዝና መጀመሪያ የተመሠረተው በሕግ እውቀት ሳይሆን በንግግር ችሎታ ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይህ ውርስ ዛሬም አልጠፋም፤ የሲቪል ክርክር በአብዛኛው በጽሑፍ የሚካሄድ ሆኖ ሳለ፣ ባለጉዳይ ስለ ጠበቃው ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው በችሎት የተናገረውን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴርን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ አገር ሰውና ኢትዮጵያዊ ሲከራከሩ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ጉዳዩን እንዲያይ የሚያደርግ ሥርዓት አመጣ። ከዚያ የወጣው ልዩ ፍርድ ቤት፣ ክርክር በሰነድና በውጭ ሕግ የሚመራበት መድረክ በመሆኑ፣ አንደበት ብቻ የማይበቃበት የጥብቅና ሥራ የታየበት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም ጠበቆች የሚመዘገቡበት ደንብ ወጣ።

የዛሬው የሥራ መስኮች ዝርዝር ዋና አካል የተጣለው ግን በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ረቂቅ የፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫው የስዊሱ ዣን ግራቨን ሥራ ሲሆን፣ የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀምረው አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። የ3367 አንቀጽ ባለቤት የሆነው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስን፣ ውልን፣ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነትን (ማለትም ጉዳት ያደረሰ ሰው ያለ ውል ካሣ የሚከፍልበትን ሁኔታ) በየአርእስቱ ስለከፋፈለ፣ ጠበቃው የሚይዘው ጉዳይም ያንኑ ክፍፍል ተከተለ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ደግሞ እነዚህን ሕጎች የሚያነብ አዲስ ትውልድ አወጣ። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተመዘገበ ጠበቃን ብቻ ሳይሆን ባልን፣ ሚስትን፣ ወላጅን፣ ልጅንና ወንድምን በውክልና እንዲከራከሩ ስለፈቀደ፣ የጥብቅና ገበያ ከዘመድ ውክልና ጋር እየተሻማ መኖሩን ቀጠለ። በፍርድ ቤት ደጅ የአቤቱታ ጸሐፊ ጠረጴዛ ያልጠፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስላል፤ ራሱ የሚከራከር ሰው የሚያስፈልገው ክሱን አሳምሮ የሚጽፍለት እንጂ አብሮት የሚቆም አይደለም።

አብዮቱ ይህን ሥራ ከመሃሉ ቆረጠው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወረሱ፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከባለቤቱ ወጣ። የአክሲዮን ማኅበር፣ የመሬት ሽያጭና የኪራይ ክርክር ሲከስም ለጠበቃው በዋናነት የቀረለት ወንጀል፣ ውርስና ፍቺ ነበር። የቤቶቹ መወረስ የተወው ሌላ ቅሪት ግን በኋላ ታየ፦ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከአዋጅ ውጭ ተወሰዱ የተባሉ ቤቶችን ለማስመለስ የተነሣው ጥያቄ ለብዙ ቢሮዎች የዓመታት ሥራ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት አዋጆች ዝርዝሩን እንደገና አሳደጉት። የ1984ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ጠበቃውን ከችሎት አውጥቶ ወደ ፈቃድና ምዝገባ አስገባው፤ የ1985ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከሥራ ስንብትን የተለመደ ክርክር አደረገው፤ የ1986ቱ የባንክ አዋጅ የግል ባንኮችን ሲፈቅድ የብድርና የመያዣ ሰነድ ዝግጅት ቋሚ ሥራ ሆነ። በ1992 የቤተሰብ ሕጉ፣ በ1996 የቅጅ መብት፣ በ1998 የንግድ ምልክት አዋጅ ተከተሉ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ስላደረገ የቢሮ ቤተ መጻሕፍት መልክ ተለወጠ። የውሳኔዎቹ ቅጾች ሲታተሙ ለማን የትኛው ጠበቃ እንደቀረበ ጭምር ስለሚያሰፍሩ፣ የጠበቃ ስም ከወሬ ወጥቶ በመጽሐፍ መገኘት ጀመረ።

ልደታ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀችው ግን በወንጀል ችሎቶቿ ነው። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ከወጣ በኋላ የፖለቲከኞችና የጋዜጠኞች ክስ በብዛት የታየው በእነዚህ ችሎቶች ነው፤ የልደታ ምድብ 19ኛ ወንጀል ችሎት ስም በጋዜጣ የተለመደውም በዚህ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ገንዘብ የማያመጡ ሆነው ስም ያመጣሉ፤ የንግድ ሰነድ የሚያዘጋጀው ቢሮ ደግሞ ገንዘብ አግኝቶ ከደንበኞቹ ውጭ ማንም ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። በገቢና በዝና መካከል ያለው ይህ ርቀት በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ገንዘብ የማያመጣ መዝገብ መያዝ ግን የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዘዘ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 መክፈል ባለመቻሉ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያስገድዳል።

በዚያው በ1992 የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 199 ፈቃድን በሦስት ከፈለው፦ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ለሁሉም የፌደራል ፍርድ ቤቶች፣ እና ያለ ክፍያ ለሕዝብ ጥቅም ለሚከራከር ጠበቃ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ። ሦስቱም የግለሰብ ነበሩ። ቢሮዎች በመሥራቹ ስም ላይ «እና ተባባሪዎቹ» የሚል ቢጨምሩም፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው የጥብቅና ድርጅት ሥርዓት ስላልተበጀለት ውክልናው በጠበቆቹ ስም ይሰጥ፣ ኃላፊነቱም በየራሳቸው ላይ ይወድቅ ነበር። መሥራቹ ሲሞት ወይም ፈቃዱን ሲመልስ ቢሮው በሕግ ዓይን የሚቀረው ነገር አልነበረም፤ ደንበኛው አዲስ ውል፣ አዲስ ውክልና ያደርጋል፣ ወይም ወደ ሌላ ይሄዳል። መካከለኛ ቢሮዎች ከአንድ ትውልድ ማለፍ ያቃታቸው በሙያ ድክመት ሳይሆን በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ይህን ለወጠ፤ ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ፣ ማለትም አንዱ ሸሪክ ስለ ሌላው ጥፋት በግል ሀብቱ በማይጠየቅበት አደረጃጀት፣ የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፣ የፌደራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቋመ። በዚያው ዓመት አዲሱ የንግድ ሕግ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅና የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ወጡ። የመጨረሻው ለልደታ ቢሮዎች የተለየ ፈተና ነው፤ ከባድ ገንዘብ ያለበት የንግድ ክርክር ተዋዋዮች በመረጧቸው ዳኞች ፊት በዝግ ሲታይ፣ ጠበቃው በችሎት ታይቶ ስም የሚያገኝበት ዕድል ይጠባል፤ ተሸናፊው በፈቃዱ ያልፈጸመው የግልግል ውሳኔ ግን እንዲፈጸም የሚጠየቀው በፍርድ ቤት ነው።