ነጥብና መስመር፦ የግንኙነት ንድፍን እያዘዋወሩ የማጥናት ዘዴ አመጣጥ

በ2008 ዓ.ም. በመስከረምና በጥቅምት ወራት ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ። አንደኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም በአንድ የጋራ ሐዲድ ይጠቀማሉ። ጣቢያዎቹ በነጥብ፣ ግንኙነታቸውም በመስመር ብቻ ሲወከል የሚገኘው ሥዕል የግንኙነት ንድፍ ይባላል።

የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ የሒሳብ ሊቁ ሊዎናርድ ኦይለር ነው። የኮኒግስበርግ ከተማን 7 ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ በመርገጥ ማዳረስ ይቻል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1736 መርምሮ የማይቻል መሆኑን አስረዳ። መልሱን የሚወስነው የየብሱ ስፋት ወይም የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን፣ የትኛው ስፍራ ከየትኛው ጋር በስንት ድልድይ መገናኘቱ ነው። ስለዚህ ግንኙነቱ እስካልተለወጠ ድረስ ነጥቦቹን በፈለጉት ስፍራ ማስቀመጥ ይቻላል።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የሰፈረ ንድፍ በቀላሉ አይዘዋወርም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ ስኬችፓድ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት አቀረበ፤ በዚህም በብርሃን ብዕር አንድ ነጥብ ሲሳብ የተያያዙት መስመሮች አብረው ይከተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ፈረንሳዊው ዣክ ቤርተን ባሳተመው መጽሐፍ የሠንጠረዥ ረድፎችና ዓምዶች ቦታ እየተለዋወጠ መነበብ እንዳለበት አስገነዘበ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ፒተር ኢድስ ነጥቦችን እንደ ቀለበት፣ መስመሮችን እንደ ሞላ በመቁጠር ንድፉ ራሱ ማረፊያውን የሚያገኝበትን ዘዴ አበጀ። ከዚህ ወዲህ ነጥብን መሳብ፣ መሰወርና ማሰባሰብ የተለመዱ የጥናት ስልቶች ሆኑ።

ጥቅሙን ለመረዳት የባቡሩን ንድፍ መመልከት ይበቃል። መገናኛ በስሙም በአቀማመጡም የምሥራቁ ከተማ ማዕከል ይመስላል። በባቡሩ ንድፍ ግን ከግራና ከቀኝ ካሉት ጣቢያዎች ጋር ብቻ የተያያዘ ተራ ነጥብ ነው፤ ሦስት አቅጣጫ ያላቸው ስታዲየምና ልደታ ናቸው። ወደ ቦሌ፣ ወደ ኮተቤና ወደ ሾላ የሚወስዱት የመኪና መንገዶች ሲጨመሩ መገናኛ ስሙን የሚመጥን ቦታ ያገኛል። የጋራው ሐዲድ ከንድፉ ሲሰረዝ ደግሞ መረቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ምሥራቁ ከደቡቡ ጋር በስታዲየም፣ ምዕራቡም ከሰሜኑ ጋር በልደታ እንደተያያዙ ይቀራሉ። የአያት ነዋሪ ቃሊቲ መድረስ ሲችል ጦር ኃይሎች መድረስ ይሳነዋል። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የት ይሠራ ብሎ ለሚያስብ የፕላን ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘዴው ጥንቃቄ ይሻል። በንድፍ ላይ የተቀራረቡ ነጥቦች በመሬት ላይ ተቀራርበዋል ማለት አይደለም። ሁሉም ነጥቦች በአንድ ጊዜ ከተዘዋወሩም ተመልካቹ ቀድሞ የያዘውን ምስል ያጣል፤ ስለሆነም ጥቂት በጥቂት መቀየር ይገባል።

ይህን ትምህርት ለመስጠት የኮምፒዩተር መኖር ግድ አይደለም። ቁልፎችና ክር በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ተማሪዎች የሰፈራቸውን መንገዶች ቢያያይዙ፣ ከዚያም አንዱን ክር ቢፈቱ፣ ማን ከማን እንደሚቆራረጥ በእጃቸው ይደርሱበታል። ካርታ የተሰጣቸው ተማሪዎች ቦታን ያጠናሉ፤ ንድፉን ራሳቸው የሚያዘዋውሩት ግን አንዱ ስፍራ በሌላው ላይ ምን ያህል እንደሚመካ ይገነዘባሉ።