የአንደኛ ክፍል ዓመትና የወላጅ ተስፋ፤ ከፊደል ቆጠራ እስከ ዛሬ

ልጅ ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ወላጆቹ ምን ሊጠብቁ ይገባል የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት ይዘት፣ የማስተማሪያው ቋንቋና የምዘናው ዘዴ በተለወጠ ቁጥር፣ ወላጅ የልጁን እርምጃ የሚለካበት መስፈርትም አብሮ ተለውጧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የለውጡን ሂደት በቅደም ተከተል በመመልከት፣ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባውን ጉዳይ ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በጆሮ የሚመዘን ትምህርት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ በቅድሚያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎም ወደ ታች። ከዚያ በኋላ አቡጊዳ ይከተላል። በዚህም ጊዜ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ የተለመደው ተራ ስለሚናጋ፣ ፊደሉን በዜማ ብቻ የሸመደደው ልጅ በዓይኑ ከለየው ይለያል። ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ወደ መዝሙረ ዳዊት ይዘለቃል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆች ደግሰው፣ መምህሩን አመስግነው፣ ጎረቤት ጠርተው ደስታቸውን ይገልጹ ነበር። በቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ልጁ የዐረብኛ ፊደላትን ከእንጨት ሰሌዳ ላይ እያነበበ ይጀምርና፣ ቁርኣኑን ሲያኸትም ቤተ ሰቡ ይደሰታል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ አፉን የፈታበት ቋንቋ ባለመሆኑ ትርጉሙን ሳይረዳ ብዙ ገጽ ይዘልቃል፤ ጽሕፈትም ከንባብ ጋር ተያይዞ አይሰጥም ነበር። ሆኖም ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ እንኳ ልጁ የት እንደ ደረሰ ያውቅ ነበር። የደረጃዎቹ ስም በኅብረተሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የልጁም ድምፅ ምስክር ነበር።

የክፍልና የካርድ ዘመን

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ሲከፈት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከተል፣ ከዘመናዊ ትምህርት በተለይ የሚጠበቀው የውጭ ቋንቋ ዕውቀት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱም፣ ብዙዎቹ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ስለ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ለእነርሱ የንባብ መነሻ አልነበረም። በ1956 ዓ.ም. አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ሆኖ ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን ሲደረግ፣ አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታው ልጅ የመጀመሪያው ዓመት ፊደልንና ቋንቋን በአንድነት የሚማርበት ሆነ።

በዚህ ዘመን ወላጅ መስፈርቱን ከጆሮው ወደ ካርዱ አዛወረ። «ስንተኛ ወጣህ?» እና «አለፍህ ወይስ ወደቅህ?» የሚሉት ጥያቄዎች የየቤቱ ልማድ ሆኑ። ነገር ግን ደረጃ ልጁ ከጓደኞቹ መካከል ያለበትን ቦታ ያመለክታል እንጂ ምን ማንበብ፣ ምን መጻፍ እንደሚችል አይገልጽም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በሂደት 15 ቋንቋዎችን ያቀፈው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ረገድ አዲስ ሁኔታ ፈጠረ። ወላጆች ራሳቸው ደብተር ይዘው በመቀመጣቸው፣ በብዙ ቤት የልጅን ደብተር ገልጦ መመልከት የሚችል ሰው ተገኘ።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ፣ መግቢያ ዕድሜውን ሰባት ዓመት፣ ማስተማሪያውንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ያለ መውደቅ እንዲዛወሩም ተወሰነ። የውሳኔው ምክንያት በቂ ነበር፤ ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ ወድቆ ክፍል መድገሙና ትምህርት ማቋረጡ ትልቅ ብክነት ነውና። ሆኖም «አለፈ» የሚለው ቃል ለወላጅ ይሰጥ የነበረው መረጃ ቀረ፤ ተከታታይ ምዘናውም በመምህሩ መዝገብ ውስጥ ተወስኖ ከቤት ሳይደርስ ቆየ።

ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ታየ። ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁሉ አንደኛ ክፍልን ያለፉ ናቸው። ወላጆቻቸውም ልጃቸው ከክፍል ወደ ክፍል መዛወሩን እንጂ አለማንበቡን የሚነግራቸው ምልክት አልነበራቸውም።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ከስድስት ዓመቱ አንደኛ ደረጃ በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። ይህ ዕድል እኩል እስኪዳረስ ድረስ ግን፣ ሁለት ዓመት የተዘጋጀ ልጅና እርሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ልጅ በአንድ ክፍል መገናኘታቸው አይቀርም።

ለወላጅ ሊነገር የሚገባው

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ወላጅ ከአንደኛ ክፍል የሚጠብቀው ነገር በጆሮው የሚሰማው፣ በዓይኑም የሚያየው ሊሆን ይገባል የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ ከክፍል ሥርዓት ጋር መላመዱ፣ ትእዛዝ መከተሉና እርሳስ መያዙ በቂ ነው። ቀጥሎም ፊደላትን ከተራቸው ውጭ ሲጠየቅ ለይቶ መጥራት ይጠበቅበታል። በዓመቱ መጨረሻ ስሙን መጻፍ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አንብቦ የተረዳውን መናገር፣ በአነስተኛ ቁጥሮች መደመርና መቀነስ ይገባዋል።

የጊዜ ሰሌዳው ግን በየቋንቋው አንድ ሊሆን አይችልም። አማርኛ የሚማር ልጅ ፊት 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ፣ በጠቅላላው 231 ምልክቶች ይደረደራሉ። በላቲን ፊደል የሚማረው ልጅ ጥቂት ምልክቶች ቢገጥሙትም፣ እነርሱን አጣምሮ ቃል መመሥረት፣ የሚጠብቀውንና የሚረዝመውን ድምፅ በጽሑፍ መለየት ይኖርበታል።

ስለሆነም መምህሩ በመስከረም የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጁ በየመንፈቀ ዓመቱ የሚደርስባቸውን ሦስት ወይም አራት ችሎታዎች ከካርዱ ቋንቋ ውጭ በተራ አነጋገር ቢያስረዳ፣ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅም ልጁ በወላጁ ፊት እንዲያነብ ቢያደርግ፣ ጭምቱም ሰነፉም ሳይባል የሚረዳው ልጅ በጊዜ ይታወቃል። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን ገጽ ሲያነብ ድምፁ መደናቀፉንና መቃናቱን ይለያል። ዕቅድ አውጪዎችም ለዚህ ተግባር በትምህርት ካላንደሩ ውስጥ የተወሰነ ቀን ሊመድቡለት ይገባል። ልጁ አራተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ የሚታወቅ የንባብ ችግር፣ በአንደኛ ክፍል ሳሉ ከሚታወቀው ይልቅ ለመምህሩም ለልጁም እጅግ የከበደ ነው።