ፕሮግራሙ ያለው የት ነው?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ያ ፕሮግራም ያለው የት ነው? ፊታችሁ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ወይስ ባሕር ማዶ በተቀመጠ ማሽን ላይ? ድሮ መልሱ ቀላል ነበር። ከሲዲ የጫንነው የኛ ነው፣ በብሮውዘር የምንከፍተው የሰው ነው፣ አለቀ። ዛሬ ግን ቪኤስ ኮድንና ስላክን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ጭነን እንከፍታለን፤ ሆዳቸው ሲከፈት የሚገኘው ኤሌክትሮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ፣ አድራሻ መጻፊያው የተደበቀ ብሮውዘር በሉት። የማይክሮሶፍት አዲሱ አውትሉክ ሳይቀር የድረ ገጽ ልጅ ሆኗል። በአንጻሩ ጎግል ዶክስ ብሮውዘር ውስጥ እያለ ኢንተርኔት ሲጠፋም ሊጻፍበት ይችላል።

ይህን ታሪክ ፈረንጆቹ ሲተርኩት ከሚያውቁት ሰፈር ነው የሚጀምሩት። በ2004 ጂሜይል መጣ፣ በ2005 ገጹ ሙሉ በሙሉ ሳይታደስ መረጃ የሚያመጣው ዘዴ አጃክስ የሚል ስም ወጣለት፣ በ2007 ደግሞ ጎግል ጊርስ የተባለ ተጨማሪ ዕቃ አወጣ። የጊርስ ሥራ አንድ ነበር፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ። (ሁሉም በእነሱ አቆጣጠር ነው።) ጊርስ ብዙ ሳይቆይ ቀረ፣ ሐሳቡ ግን ብሮውዘሮቹ ውስጥ ገባ። እኛ ግን ታሪኩን ከደሴ መናኸሪያ ብንጀምረው ይሻለናል።

ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ ብርድ፣ በአቀስታ አድርጎ የሚጓዝ ሰው መካነ ሰላም ይደርሳል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ወደ ዓባይ ነው፣ ማዶው ጎጃም። በ1994 ዓ.ም. የአማራን ጨምሮ ትላልቆቹ ክልሎች ለወረዳዎች በጥቅል በጀት መስጠት ሲጀምሩ፣ እንዲህ ያሉ ከተሞች ውስጥ ያሉ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጊዜ የመምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የግብርና ሠራተኛውን ደመወዝና ወጪ የሚይዙ የሂሳብ ማዕከሎች ሆኑ። ሂሳቡ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ መውጣት አለበት። በምን?

ለዚህ ነው አይቤክስ የተሠራው። ስሙ የበጀትና ወጪ ሥርዓት የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው፤ በአጋጣሚ ይሁን በቀልድ ዋልያንም ያስታውሳል፣ ለደጋ ሥራ የሚመጥን ስም ነው። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተካሄደውና ስቲቨን ፒተርሰን በመሩት የመንግሥት ፋይናንስ ማሻሻያ ውስጥ ተሠርቶ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ከሱ በፊት የነበሩትን ፕሮግራሞች እየተካ ወረዳዎች ደረሰ። በዚያው ሰሞን ወረዳኔት በሳተላይት ሳህን የወረዳ ከተሞችን እያገናኘ ነበር፤ ነገር ግን ሳህን መተከሉና መስመር መኖሩ አንድ አይደሉም፤ መብራት የሚባል ሦስተኛ ነገርም አለ።

እና አይቤክስ ሁለት መልክ ይዞ ወጣ። መስመር ያለበት ቦታ በኔትወርክ ይሠራል። መስመር የሌለበት ቦታ ያው ፕሮግራም እዚያው ወረዳው ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ይተከላል፣ የወሩ ሂሳብ ይሠራበታል፣ ከዚያ ውሂቡ በሲዲ ወይም በፍላሽ ተይዞ ወደ ዞን ይጓዛል። የፍላሹን ጉዞ አስቡት እስቲ፤ በሰው ኪስ፣ በአውቶቡስ። ዛሬ መሐንዲሶች «መጀመሪያ ያለ ኔት፣ ማመሳሰል ኋላ» ብለው የሚያስተምሩት ነገር ይኸው ነው። ለጊርስ ኔት መጥፋት ልዩ አጋጣሚ ነበር፤ ለወረዳው የሂሳብ ሠራተኛ ግን መደበኛው ቀን ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኋላ ኢፍሚስ ወደተባለው፣ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ወደተቀመጠ ሥርዓት መሻገራቸው የሚገርም አይደለም። እነሱ ኬብሉ አጠገባቸው ነው።

የተጫነ ሁሉ የራስ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን እስኪቀበልና ፕሮግራሞቹም እስኪከተሉት ድረስ፣ በአንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያንኑ ፎንት ያልጫነ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ቪዥዋል ግዕዝ ከሌለህ ደብዳቤህ የለህም። የአማርኛ ድረ ገጾችም መጀመሪያ «ፎንቱን አውርዱ» ይሉን ነበር። ከዚህ ያወጣን ማንም ሊከፍተው የሚችል የጋራ መለያ ቁጥር መኖሩ ነው፤ ዌብ ወይስ ዴስክቶፕ የሚለው ክርክር እዚያ ቦታ የለውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ያን ጊዜ ጥያቄያችን የሞኝ መሆኑ ቀረ። ስልክ ላይ የተደረደሩት አፖች ምልክታቸው እንዳለ ነው፤ ሲነኩ ይከፈታሉ፣ ከዚያ ነጭ ገጽና የሚሽከረከር ክብ። ጭነናቸዋል ብለን ነበር። የጫንነው ለካ በሩን እንጂ ቤቱን አይደለም። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ልዩነቱ ጠፍቷል፣ ዌብም ዴስክቶፕም አንድ ሆነዋል እያልን ስንጽፍ፣ የጠፋው ዓይናችን ላይ ነው። በዚያ ከተማ ማን ፋይሉ በእጁ እንዳለ፣ የማን ፋይል ባሕር ማዶ እንደቀረ አንድ ቀን በቂ ነበር።

በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር ለምሳሌ ባለ ሥዕሉ አፕ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ *127# ግን አይፈልግም፣ በተራ የስልክ ኔትወርክ ይሄዳል። በዲዛይን ሽልማት የማይሸለመው ያ ጥቁርና ነጭ ዝርዝር ነው ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው።

መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። መመረቂያ ጽሑፉን ጎግል ዶክስ ላይ የሚጽፍ ተማሪ በኮምፒውተሩ ክሮም ውስጥ፣ የዶክስ ቅንብር ላይ «ያለ ኢንተርኔት» የሚል ምርጫ ያገኛል። እሱን ካበራው ሰነዱ ኮምፒውተሩ ላይም ይቀመጥለታል፣ መስመሩ ሲመለስ ይመሳሰላል። ምርጫው የሚበራው ግን ኢንተርኔት እያለ ነው።