ፍሬን የሌለው ሞተር

ሚሌ ላይ ፍሬን ማለት ነፍስ ማለት ነው። ከባቲ በኩል ቁልቁለቱን የሚወርደው የጭነት መኪናም ሆነ ከጅቡቲ ጭኖ ወደ መሐል አገር የሚገሰግሰው ተሳቢ፣ ሾፌሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈትሸው ፍሬኑን ነው። እኔም ከባንኩ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ብር ስቆጥር የምሰማው የሾፌሮች ወግ ከዚሁ አይርቅም፤ የማን መኪና የት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ፣ ማን በምን ተአምር እንደተረፈ። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ባለ አገር ተቀምጬ ፍሬን ስለሌለው ሞተር ብስክሌትና በእርሱ ላይ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስለሆነ ሰው ለመጻፍ መነሣቴ ለራሴም ይገርመኛል።

ውድድሩ ስፒድዌይ ይባላል። በእኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። አራት ተወዳዳሪዎች ልቅ አፈር በለበሰ አጭር ሞላላ መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ደቂቃ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። አንደኛ የወጣ ሦስት ነጥብ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ ያገኛል፤ የመጨረሻው አቧራ ይዞ ይመለሳል። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ አንድ ማርሽ ነው። የሚጠጣውም ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለ አልኮል ነው። ፍሬን ግን የለውም። ተረስቶ አይደለም፤ ሕጉ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ከሚበሩት አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ከኋላው ያለው የት ይገባል?

ታዲያ በመታጠፊያው ላይ ምን ይደረጋል? ተወዳዳሪው ነዳጅ ይጨምርና የኋላ ጎማውን በአፈሩ ላይ ወደ ውጭ ያንሸራትተዋል፤ ብረት የተለበጠ ጫማ ያጠለቀ ግራ እግሩን በመሬቱ ላይ ይጎትታል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ወደ ግራ ይታጠፋል። ወደ ግራ ለመሄድ ወደ ቀኝ መምራት! ቅኔ ለሚወድ ሰው ይህ እንዴት ያለ ሰምና ወርቅ ነው!

ሰውየው አይቫን ሜጀር ነው። (ሜጀር የቤተሰቡ ስም እንጂ የሻለቃነት ማዕረግ አይደለም።) የተወለደው በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ኦክቶበር 4 ቀን 1939 ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ክራይስትቸርች ለስፒድዌይ፣ በቆጂ ለሩጫ እንደሆነችው ያለች ከተማ ነበረች። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሮኒ ሙርና አራት ጊዜ ያሸነፈው ባሪ ብሪግስ የወጡት ከዚያው ነው። የበቆጂ ልጅ ደራርቱን እያየ እንደሚሮጥ ሁሉ፣ ሜጀርም እነዚህን እያየ አደገ።

በ1957 ዓ.ም. ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወጣት ሚስቱን ሬይን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ። ሮኒ ሙር ይወዳደርበት በነበረው በዊምብልደን ቡድን ተጠጋ። አልሆነለትም። በቋሚ ተወዳዳሪነት ሊሰለፍ የሚችል ሰው ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙም ሳይቆይ ከነሚስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የዚህን ሰው ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘልለው ወደ ዋንጫዎቹ ይሮጣሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ማዶ የሚሻገር ወጣት ብዙ ነው፤ የሚመለስም አለ። የሄደውን ሁሉም ይመርቀዋል። ባዶ እጁን የተመለሰው ግን ሰላምታው ራሱ ጥያቄ ይሆንበታል። «መቼ መጣህ?» ሲሉት «ምን ይዘህ መጣህ?» ማለታቸው መሆኑን ያውቃል። የሜጀርን ልብ የለካሁት በዚህ ሚዛን ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ የታላላቆቹ ከተማ በሆነችው ክራይስትቸርች «ለንደን ሄዶ ያልተሳካለት» ተብሎ መኖር ነበረበት።

እርሱ ግን ሞተሩን አልሸጠም። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ እየተወዳደረ ከረመ፤ የአነሳስን ጥበብ፣ የሞተር አያያዝን፣ የሰውነት ዝግጅትን አንድ በአንድ አበጀ። በ1963 ሁለተኛውን ጉዞ አደረገ። በመጀመሪያው ጉዞና በሁለተኛው መካከል ስድስት ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ የሄደው ወደ ለንደን አልነበረም፤ በሰሜን እንግሊዝ ወደምትገኘው ኒውካስል እንጂ። ሊጉ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በዚያው ዓመት የዚያን ሊግ የግል ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ1964 ደገመው። በ1966 የዓለም ፍጻሜ ደርሶ አራተኛ፣ በ1967 ሦስተኛ ወጣ። እንግዲህ ወደ ላይ የወጣው እንደ አውሎ ነፋስ አልነበረም፤ በደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ በአንድ ረግጦ ነው።

በሴፕቴምበር 1968 በስዊድን ጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ወር የእኛው ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ከፍታ ላይ ማራቶኑን አሸነፈ። ሜጀር በ1969 በለንደን ዌምብሌይ ደገመ። በ1970 ፍጻሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፖላንድ ሄዶ ቭሮትስዋፍ ላይ ሲደረግ፣ ባለአገሮቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ቢወጡም እርሱ አምስቱንም ግጥሚያ አሸንፎ በ15 ነጥብ ሠለሰ። ከእርሱ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ካሸነፈ ሞተሩን በወርቅ እንለብጥልሃለን ብለው ቃል የገቡ ሁለት አሜሪካውያን ነበሩና ቃላቸውን ጠበቁ። ያች ወርቅ የለበሰች ሞተር ኋላ በትውልድ ከተማው በካንተርበሪ ሙዚየም ለሕዝብ ታይታለች።

ስለ ፍጻሜው አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮና የሚለየው በአንድ ቀን ነበር። ዐሥራ ስድስት ሰዎች፣ ሃያ ግጥሚያ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ዕድል። የዓመቱ ሒሳብ በአንድ ምሽት ይዘጋል፤ ጉድለት ቢገኝ የሚታረምበት ነገ የለም። እኔ የሒሳብ መዝጊያን ምሽት የማውቅ ሰው ነኝና ነገሩ ይገባኛል!

በ1971 የጣለው ራሱ ያስተማረው ሰው ነበር። ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን በኒውካስል ጀማሪ ሳለ ሜጀር እጁን ይዞ መርቶታል። ጎተንበርግ ላይ ተማሪው አንደኛ፣ መምህሩ ሁለተኛ ሆኑ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ሌላ በር ተከፍቶ ነበር፤ እርሱም ሎንግ ትራክ ነው። ይህ ደግሞ እስከ አንድ ሺህ ሜትር በሚደርስ መም ላይ፣ ብዙ ጊዜም የፈረስ እሽቅድምድም በሚደረግበት ስፍራ የሚካሄድ ነው። ፍጥነቱ ከስፒድዌይ ይበልጣል፤ ፍሬን ግን እዚህም የለም። ሜጀር የመጀመሪያውን የሎንግ ትራክ የዓለም ሻምፒዮና በ1971 አሸነፈ። በ1972 ሁለቱንም ዘውዶች በአንድ ዓመት ደፋ፤ በ1976 ሎንግ ትራኩን ሦስተኛ ጊዜ ወሰደ።

የ1973ቱ ግን መራራ ነው። በፖላንድ ሆዡቭ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች በተሰበሰበበት በሲሌዢያ ስታዲየም፣ ከፖላንዳዊው ዬዢ ሽቻኪዬል ጋር በነጥብ እኩል ሆኑና ለብቻቸው እንዲለዩ ተደረገ። ሜጀር ሊያልፍ ሲል ወደቀ። ፖላንድ የመጀመሪያ ሻምፒዮኗን አገኘች። በማግሥቱ ዓመትም ሁለተኛ ወጣ። ዕድሜው ወደ ዐርባ ሲያዘግም፣ ዘመኑ አለፈ የሚሉ አልጠፉም።

በ1977 ጎተንበርግ ላይ፣ ዝናብ መሙን ጭቃ ባደረገበት ምሽት፣ በ37 ዓመቱ አምስተኛውን ዋንጫ ወሰደ፤ የስዊድናዊውን የኦቬ ፉንዲንን ቁጥር ተካከለ። ስድስተኛው የመጣው ሴፕቴምበር 1979 ነው። ቦታው ሆዡቭ፣ ያው የወደቀበት ስታዲየም። ዐርባ ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል። ከ15 ነጥብ 14ቱን አግኝቶ የባለአገሮቹን ዜኖን ፕሌህን በአንድ ነጥብ ቀደመው።

ይህን ቁጥር ኋላ ላይ ሁለት ሰዎች ደርሰውበታል፤ ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን በ2005፣ ፖላንዳዊው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ በ2025። ነገር ግን ከ1995 ወዲህ ሻምፒዮናው በወራት ውስጥ በተከታታይ ውድድሮች የሚለይ ሆኗል፤ አንዱ ምሽት ቢበላሽ ሌላው ይክሳል። ማን ይበልጣል የሚለውን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለአንድ ምሽቱ ሰው አደላለሁ።

አይቫን ሜጀር ከረጅም ሕመም በኋላ ኤፕሪል 16 ቀን 2018 በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት በ78 ዓመቱ አረፈ። በ1957 አብራው ለንደን የሄደችው፣ ሳይሳካለት ሲመለስም አብራው የተመለሰችው ሬይ፣ ያን ቀንም ባለቤቱ ነበረች።