የደወል አገልግሎት፦ በገራዶ ለማገልገል ለምትሹ

ደወል ምእመናንን ለጸሎት የሚጠራ ንዋየ ቅድሳት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አባታችን ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ሠራተኞቹን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ለሥራ፣ ለምግብና ለዕረፍት፣ በደወል ይጠራ ነበር። በአሮን ቀሚስ ዘርፍ የነበሩትም የወርቅ ሻኵራዎች ናቸው (ዘጸ. 28፥33-35)። በሀገራችን የሚደወለው ብረት ብቻ አይደለም፤ በጣና ገዳማት ተንጠልጥሎ የሚመታ የድንጋይ ደወል እስከ ዛሬ አለ።

በእንግሊዝ ሀገር ደዋዮች የራሳቸው ማኅበር አላቸው። በእኛ ዘንድ ግን ደወል የሰሞነኞች ድርሻ ስለሆነ «የደዋዮች ማኅበር ልግባ» የሚል ወጣት የሚያንኳኳው በር አያገኝም። የሚያገኘው አጥቢያውን ነው። በንስሐ አባቱ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል ለደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃዱን ይግለጥ፤ ሲፈቀድለትም ከሰሞነኛው ዲያቆን ሥር ሆኖ የማኅሌቱን፣ የኪዳኑን፣ የቅዳሴውንና የሠርኩን ሰዓት ይማር። ሌሊት መነሣት የሚከብደው ቢቆየን ይሻላል! ኅብስቱና ወይኑ ከቤተ ልሔም ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ የሚመታው ቃጭል ግን የባለ ክህነት ነውና አይነካም።

ከሁሉ የሚያሰጋው ያለ ጊዜው መደወል ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ ባለችው በገራዶ፣ እንደ ሌላው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ ደወል የሞትና የእሳት አደጋም ምልክት ነው። ለመለማመድ ብሎ ገመዱን የሚስብ ሰው አርሶ አደሩን ከእርሻው፣ ሙስሊም ጎረቤቱንም ከቤቱ ያስሮጣል። ስለዚህ ልምምዱ በሰሞነኛው ፊት፣ በተወሰነው የጸሎት ሰዓት ብቻ ይሁን።