ያልመረጠ አያማርር? ድምፅ ሳይኖራቸው «አቤት» ያሉ አባቶቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤቱ፣ በየሱቁ ደጃፍ፣ ከሶላት በኋላም በመስጂድ ግቢ የሚነሳ ክርክር ነው። አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ፍትሕ መጓደል ወይም ስለ አስተዳደር በደል ሲናገር ሌላው ቶሎ ብሎ አፉን ያስይዘዋል። «አንተ መቼ መረጥክና ነው የምታማርረው? ሳይመርጡ ማማረር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ይለዋል። ተናጋሪውም አፍሮ ዝም ይላል። ይህ አባባል በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ቁርጥ ፍርድ ተይዟል። በዲናችን ሚዛንና ባለፍንበት ታሪክ ሲመዘን ግን ፍርዱ ይጸናል ወይ? ኢንሻአላህ አብረን እንመልከት።

ከዲናችን እንጀምር። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ኸውላ ቢንት ሠዕለባ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በቁጣ «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» አላት። ይህ በጃሂሊያ ልማድ ሴቲቱን ባል ያላትም የሌላትም የማያደርግ፣ አንጠልጥሎ የሚተው ቃል ነበር። ኸውላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይዋን አቀረበች፤ ተከራከረችም። ሥልጣን አልነበራትም፤ ከሹማምንት ወገንም አልነበረችም። አላህ (ሱ.ወ) ግን አቤቱታዋን ሰማ። ስለ እርሷ የወረደችው ሱራም «አል-ሙጃደላህ» ተብላ በተከራካሪዋ ሴት ተሰየመች። ብዙ ዓመት ቆይቶ ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆነው ሳሉ ይህች ሴት መንገድ ላይ አስቁማቸው ስትመክራቸው ቆመው እንዳዳመጧት ይዘገባል። አብረዋቸው የነበሩት ሲገረሙም፣ አላህ የሰማትን ሴት ዑመር እንዴት አይሰማትም የሚል መልስ ሰጡ።

ሁለተኛው የኩፋ ሰዎች ነገር ነው። የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ ለዑመር ክስ አቀረቡ። ሰዕድን የሾሟቸው ዑመር እንጂ ኩፋዎች አልነበሩም። ዑመር ግን «እናንተ በሹመቱ ምን አገባችሁ?» አላሏቸውም። ሰዕድን አንስተው ዐማርን ተኩ፤ አጣሪዎችም ልከው በኩፋ መስጂዶች ሁሉ እየዞሩ እንዲጠይቁ አደረጉ። የተጠየቀው ሁሉ ስለ ሰዕድ መልካም ሲናገር፣ በአንድ መስጂድ ግን አንድ ሰው ተነስቶ በሐሰት ከሰሳቸው። ሰዕድም ዱዓ አደረጉበት፤ ዱዓቸውም እንደደረሰበት ኢማም ቡኻሪ ዘግበዋል። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ከሳሽ የሚመረመረው በክሱ እውነትነት እንጂ በሹመቱ ላይ ድርሻ ነበረው ወይ ተብሎ አይደለም። ቀጥሎም፣ አቤቱታ አማና ነው፤ በሐሰት የሚያማርር ሰው ጉዳዩ ከአላህ ጋር ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። ከሲፊን ጦርነት በኋላ ኸዋሪጆች ከዐሊይ (ረ.ዐ) ተነጠሉ፤ አመራራቸውንም አንቀበልም አሉ። ዐሊይ ግን እጃቸውን ለጦርነት እስካላነሱ ድረስ ከአላህ መስጂዶች እንደማይከለክሏቸው፣ ከጋራው ሀብት ድርሻቸውን እንደማይነፍጓቸው፣ ቀድመውም እንደማይወጓቸው አስታወቁ። እንግዲህ አስቡት፤ መሪውን አልቀበልም ያለ ሰው እንኳ የመስጂድና የድርሻ መብቱ ካልተነጠቀ፣ በምርጫ ቀን ከቤቱ የዋለ ሰው በደሉን የመናገር መብቱን እንዴት ያጣል?

ወደ አገራችን እንመለስ፤ ከራሳችን ከጎንደርም እንነሳ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 ጎንደር ገብቶ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ያየውን ጽፏል። ተበዳዮች ከማለዳ እስከ ማታ ንጉሡ በሚሰማበት ቦታ ቆመው በየቋንቋቸው ፍትሕ እያሉ ይጮኹ ነበር። ክረምት ሆኖ ጯሂ ሲታጣ እንኳ ቤተ መንግሥቱ ጭር እንዳይል ጯሂዎች በደመወዝ ይቆሙ እንደነበር ያወሳል። ያን ጊዜ በአገራችን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። አቤቱታ ግን ነበረ፤ የንግሥናም ክብር ሆኖ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በፋሲል ከተማ ሰው «አቤት» ማለትን ያወቀው የድምፅ ሣጥንን ከማየቱ እጅግ አስቀድሞ ነው።

ሙስሊሙ ግን በዚያች ከተማ ውስጥ ሌላም ሸክም ነበረበት። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በፈረንጆች 1668፣ የካህናትና የመኳንንት ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ከከተማው ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈራችን ታሪኩ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የክርስቲያኑ ስለነበር ሙስሊሙ መሬት ነስቶት በሽመናና በንግድ አደረ። የከተማው ነጋዴ ከምፅዋና ከሱዳን ጠረፍ ዕቃ ያመላልስ ነበር፤ የደጋው ሙስሊምም መወርወሪያውን ይዞ ገበያ ለገበያ ኖረ። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው። በ1870 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አዘዙ። ከወሎ እነ ሸይኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈር ተቃውመው ተነሱ። የትኛውንም ውሳኔ ሲወስኑ ግን ሙስሊሙን «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በአገራችን የምርጫ ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት መኳንንትና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡ አደረገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በፈረንጆች 1957 ተካሄደ። ነገር ግን ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ በሕግ የተወሰነ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። ያው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደነገገ። ለዘመናት ርስት የተነፈገ ሰው ንብረት ቆጥሮ መወዳደር እንዴት ይሆንለታል? ካርድ በእጁ ቢይዝም የሚመርጠው የራሱ ሰው አልነበረም።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ሕዝብ ታዲያ ምን አደረገ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሰው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ፣ የመሬት ባለቤትነት ይፈቀድልን፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነፃነታቸው ይጠበቅ፣ በመንግሥት ሥራና በሠራዊቱ በእኩልነት እንግባ፣ አገር አቀፍ እስላማዊ ምክር ቤት ይቋቋምልን የሚሉ ነበሩበት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ደግሞ የስም ጥያቄ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። በዚያን ቀን አንድ ባለሥልጣን ወጥቶ «በምክር ቤቱ ምርጫ ድምፅ ሰጥታችኋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ ምን ይባል ነበር? አቤት ያሉበት ዋናው ምክንያት እኮ በአገሪቱ ጉዳይ ቃላቸው የማይሰማ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በደርግ ዘመን መጀመሪያ በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ የሙስሊሙም ገበሬ እጁ መሬት ነካ። በ1968 መጅሊስ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የመጣው በድምፅ መስጫ ወረቀት አይደለም፤ በአቤቱታ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ይሁንና የታሪኩን ሌላ ገጽ መደበቅ አይገባንም። በአቤቱታ የተገኘው ነገር የሰጪው በጎ ፈቃድ ሆኖ ቆየ። መጅሊሳችን ከተቋቋመ በኋላ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በሰኔ 2012 ነው፤ 44 ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ አመራሩን ማን ይምረጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል። በ2004 የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ሲካሄድ፣ ብዙ ሙስሊም «ምርጫችን በመስጂዳችን ይሁን» ብሎ አልመርጥም አለ። «ያልመረጠ አያማርር» የሚለው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ አፋቸውን መዝጋት ነበረባቸው። አልዘጉም፤ በሰላም አቤት ማለታቸውን ቀጠሉ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ የቀድሞው አመራር ተሰናብቶ፣ በሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የሚመራ ጊዜያዊ አካል ተሰየመ። አለመምረጣቸው ራሱ አቤቱታ ነበር ማለት ነው።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት ለዜጎች ሲሰጥ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። በአንቀጽ 30 ግን በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ነው ይላል፤ «ለመረጠ ሰው» አይልም። ባይሆንማ ስንቱ አፉ ይዘጋ ነበር! ሕፃን ልጅ አይመርጥም፤ ሲበደል ግን ያለቅሳል። በ2013ቱ አገራዊ ምርጫ የትግራይ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም፤ ምርጫው ወደ እርሱ አልደረሰምና። ማን ነው ለዚያ ሕዝብ «በደልህን አትናገር» የሚለው? በከተማችንም ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን ወር፣ በሸይኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ የሟች እናት ፍትሕ ስትጠይቅ «መጀመሪያ የምርጫ ካርድሽን አሳዪ» የሚላት ሰው ይኖራል? ደም የፈሰሰበት ቤት ሰሚ የሚገባው በደል ስለደረሰበት ብቻ ነው። በሱረቱ ኒሳእ ላይም አላህ ክፉን ነገር በይፋ መናገርን እንደማይወድ ከነገረን በኋላ የተበደለን ሰው ለይቶ አውጥቶታል። የልዩነቱ ምክንያት መበደሉ ነው።

እንግዲህ «እንደዚያ ከሆነ ምርጫ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። መምረጥ የተከለከለ ወይም ምርጫው ያልደረሰው ሰው አለ፤ እርሱ ምንም ወቀሳ የለበትም። ምክንያቱን በግልጽ ተናግሮ፣ ሥርዓቱ ትክክል አይደለም ብሎ የተወ አለ፤ ከዑለሞችም በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ የመረጡ ስላሉ ወንድማችንን በዚህ አንዝለፈው። ሦስተኛው ግን ሐሳብም ምክንያትም ሳይኖረው፣ ከጫት ገበታው ወይም ከሱቁ መነሳት ከብዶት የቀረ ነው። ሟቹን ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊን የመሰሉ የዘመናችን ዑለሞች ድምፅ መስጠት እንደ ምስክርነት ነው ብለዋል። ምስክርነትን መደበቅ ደግሞ ቁርኣን የልብ ወንጀል አድርጎ የቆጠረው ነገር ነው። ይህ ሰው ቢበደል የማማረር መብቱ አልጠፋም፤ በሰነፍ ላይ የተፈጸመ በደልም በደል ነው። ነገር ግን ሲያማርር ራሱንም መጠየቅ አለበት። አባቶቹ አደባባይ ወጥተው የለመኑትን ነገር እርሱ በእጁ ይዞ ጥሎታልና።

በሌላ በኩል፣ መርጫለሁ ብሎ ጣቱን ያስቀለመ ሁሉ ግዴታውን የጨረሰ አይምሰለው። አምስት ዓመት ጠብቆ አንድ ቀን መናገር በቂ አይደለም። ጎረቤቱ ሲበደል ዝም ያለ መራጭ፣ ሳይመርጥ ስለ ጎረቤቱ አቤት ካለው ሰው በምን ይበልጣል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ በኋላ በቤታችሁም በመስጂድ ግቢም አንድ ሰው በደሉን ሲናገር «መርጠሃል ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ሆንክ? እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ዑመርም በኩፋ ያስጠየቁት ይህንኑ ነው። በደሉ እውነት ከሆነ ከጎኑ ቁሙ፤ ሐሰት ከሆነም በአላህ አስፈራሩት። ልጆቻችሁን ደግሞ በ1966 አያቶቻቸው ስማቸው እንዲስተካከል እንኳ አደባባይ መውጣት እንዳስፈለጋቸው ንገሯቸው። ይህን ያወቀ ልጅ የሌላውን አቤቱታ አይንቅም፤ ድምፁንም በዋዛ አይጥልም።

አላህ የተበደለን የምንሰማ፣ እውነትን የምንመሰክር ያድርገን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ አሚን።